ሳይዝግ በግራሶ፤ የአሮጌ መኪና የመስታወት ማንሻ ጥገናና የበር ዝገት መከላከያ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ገለጻ)





እንደሚታወቀው በእንዲህ ያለ የምሥረታ በዓል ላይ በአብዛኛው የሚነሣው የተሠራጨው ማዳበሪያ፣ የቀረበው ምርጥ ዘር፣ የተሰበሰበው እህልና ለአባላት የተከፋፈለው የትርፍ ድርሻ ነው። ያንን ሁሉ ያመላለሰው መኪና ግን ስሙ የሚጠራው ሲቆም ብቻ ነው። ይህ ገለጻ የሚያተኩረው ከዚያም መኪና ውስጥ ከዓይን በተሰወረ አንድ ትንሽ ክፍል ላይ ነው። እርሱም የበሩን መስታወት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማንሻ ነው። ክፍሉ ትንሽ ቢሆንም ሲበላሽ የሚያስከትለው ጉዳት ትንሽ አይደለም።

1. ጉዳዩ ለምን ተነሣ?

ከሆሳዕና ወደ ሾኔ፣ ወደ ዱራሜ፣ ወደ ሺንሽቾ፣ ወደ አንጋጫ፣ ወደ ዶዮገናና ወደ ሃደሮ በሚወስዱት መንገዶች ላይ ብዙ ዘመን ያገለገሉ ኢሱዙዎች፣ ሃይሉክስ ፒክአፖችና ላንድክሩዘሮች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። እነዚህን መኪኖች ሸጦ በሌላ መተካት ከቀድሞው ይልቅ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው የሚጨምር ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ወጥቷል። በመሆኑም በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ለአባላት ገንዘብ መቆርቆር ማለት ሆኗል።

የመስታወት ማንሻ ሲሰበር ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው። መስታወቱ እንዳይወርድ በእንጨት ሽብልቅ ይያዛል፤ መስታወቱ ከወደቀም በቦታው ካርቶን ወይም ላስቲክ ይለጠፋል። ጊዜያዊ የተባለው መላ ዓመት ይሞላዋል። በዚህ መሀል ዝናብ ጋቢናው ውስጥ ይገባል፤ የጭነት ሰነዱና ደረሰኙ ይረጥባል፤ ሾፌሩና ረዳቱ የማዳበሪያ ብናኝ ሲተነፍሱ ይውላሉ። ከሁሉ የከፋው ግን ካርቶን ወይም ላስቲክ በተለጠፈበት በር በኩል ያለው የጎን መስታወት ለሾፌሩ አለመታየቱ ነው። በገበያ ቀን፣ ሰውና ጋሪ፣ አህያና ባጃጅ በሚተራመስበት መንገድ ላይ ወደ ኋላ የሚመለስ የጭነት መኪና ሾፌር አንድ ጎኑን ካላየ አደጋው የሰው ሕይወት ነው። ለዓመታዊው ቦሎ ፍሬኑና መብራቱ እንደሚታሰብባቸው ሁሉ መስታወቱም ሊታሰብበት ይገባል።

2. የበሩ ውስጥ ምን ይመስላል?

በእጅ የሚዞረው ማንሻ በአብዛኛው የሚከተሉት ክፍሎች አሉት። እጀታው ሲዞር አንድ ትንሽ ጥርስ ያዞራል። ትንሹ ጥርስ ትልቁን፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋውን ባለጥርስ ላሜራ ይገፋል። ከዚህ ላሜራ ጋር የተያያዘው ክንድ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በክንዱ ጫፍ ያለችው ትንሽ ተሽከርካሪም በመስታወቱ ግርጌ ባለው ሐዲድ ውስጥ እየተንሸራተተች መስታወቱን ታነሣለች። የመስታወቱን ክብደት ለማቅለል የተጠመጠመ ሞላ አብሮ ይገጠማል። በአንዳንድ መኪኖች ላይ በክንዱ ፋንታ ቀጭን ካቦ በከበሮ ላይ እየተጠቀለለ ሥራውን ይሠራል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ደግሞ በእጀታው ፋንታ ሞተር አለው እንጂ የቀረው አሠራር ተመሳሳይ ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ሊያውቀው የሚገባ አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። የመኪና በር ውሃ ጨርሶ እንዳይገባበት ሆኖ አልተሠራም፤ የገባው ውሃ እንዲወጣ ሆኖ ነው የተሠራው። መስታወቱ በሚወርድበት ስንጥቅ ዳር ያለው ላስቲክ ውሃውን ይጠርጋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያግድም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጥቂት ውሃ በመስታወቱ ላይ ተንሸራቶ በሩ ውስጥ ይገባል። ይህ ውሃ በበሩ ግርጌ በተበጁት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል። ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ ግን በሩ እንደ ገንዳ ውሃ ያቁራል። ዝገቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ሁለተኛው መከላከያ ከውስጠኛው የበር ልባስ ጀርባ የሚለጠፈው ስስ ላስቲክ ነው። ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ የእንሰት ቅጠል እንደሚነጠፍበትና እንደሚሸፈንበት ሁሉ፣ ይህም ላስቲክ በበሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ጋቢናው እንዳያልፍ ይለያል። በጥገና ጊዜ ተቀድዶ ከተጣለ የልባሱ ካርቶን ይረጥባል፣ ያብጣል፣ ይበሰብሳል። አንድ ባለሙያ ማንሻውን በሚገባ ጠግኖ ላስቲኩን ሳይመልስ ቢቀር ሥራውን በግማሽ እንደ ተወው ይቆጠራል።

3. ዝገቱ በዚህ አካባቢ ለምን ይፈጥናል?

ብረት የሚዝገው ውሃና አየር አንድ ላይ ሲያገኙት ነው። ጨውነት ያለው ነገር ሲታከልበት ዝገቱ ይፋጠናል። በሀዲያና በከምባታ አካባቢዎች ይህን የሚያባብሱ ሦስት ምክንያቶች ይገኛሉ።

አንደኛው ዝናቡ ነው። ሆሳዕናና ዱራሜ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። የበልጉና የክረምቱ ዝናብ ተደማምሮ በሩ የሚደርቅበት ጊዜ አጭር ነው።

ሁለተኛው የአየሩ መለዋወጥ ነው። አንድ መኪና በአንድ ቀን ከጊቤ ሸለቆ ቆላ ተነሥቶ ዱና ደጋ ላይ ሊያድር ይችላል። ሞቃትና እርጥብ አየር በበሩ ውስጥ እንዳለ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ በላሜራው ላይ ጤዛ ይሆናል። ስለዚህ ዝናብ ባይዘንብም የበሩ ውስጥ ሊረጥብ ይችላል።

ሦስተኛውና ዩኒየኖችን በይበልጥ የሚመለከተው ምክንያት ማዳበሪያ ነው። 46 በመቶ ናይትሮጅን ያለው ዩሪያም ሆነ ዳፕና ኤን.ፒ.ኤስ. ከአየር ላይ እርጥበት የሚስቡ ናቸው። ከረጢቱ ተከፍቶ ያደረ ዩሪያ ረጥቦ እንደሚጓጉል አርሶ አደሩ ጠንቅቆ ያውቃል። ያው ብናኝ በመስታወቱ ስንጥቅ ገብቶ በበሩ ግርጌ ሲጠራቀምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እርጥበት ይስባል፣ ከአቧራው ጋር ተለውሶ ጭቃ ይሆናል፣ የውሃ ማውጫውን ይደፍናል፣ ከዚያም ላሜራውን እየበላ ይቀመጣል። ከዩሪያ ሊወጣ የሚችለው አሞኒያም መዳብና ነሐስን ስለሚጎዳ በኤሌክትሪክ በሚሠሩ ማንሻዎች ላይ የሽቦ ማያያዣው አረንጓዴ ዝገት ይይዛል።

ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ የሚይዝ ነገር ነው። በሁለት ላሜራዎች መጋጠሚያ ውስጥ ሲፈጠር ላሜራዎቹን እያፈነዳ ይለያያቸዋል። ከውጭ ቀለሙ ሲያብጥ የሚታየው እንግዲህ የነገሩ መጨረሻ እንጂ መጀመሪያ አይደለም።

4. ከመፍታት በፊት መታየት ያለበት

“ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” እንዲሉ፣ መስታወት በከበደ ቁጥር ማንሻው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ መስታወቱ የሚንሸራተትበት የጎን ላስቲክ በአቧራ መሞላቱና መድረቁ ነው። ሾፌሩ እጀታውን በጉልበት ሲያዞር ጥርሱ ይበላል፤ በቀላሉ ሊታረም የሚችለው ነገር ያን ጊዜ ከባድ ጥገና ይሆናል።

ስለዚህ አስቀድሞ የጎን ላስቲኩ በሳሙና ውሃና በቀጭን ጨርቅ በተጠቀለለ እንጨት ይጸዳል። ከደረቀ በኋላ ለላስቲክ የተዘጋጀ የሲሊኮን ቅባት ይረጫል። የሞተር ዘይት ወይም ግራሶ ላስቲኩ ላይ መቀባት አይገባም፤ ላስቲኩን ያሳብጠዋል፣ አቧራም ይሰበስባል። ይህ ተደርጎ መስታወቱ ከቀለለ ማንሻውን መፍታት አያስፈልግም።

ማንሻው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ በቅድሚያ ፊውዙ፣ ማብሪያ ማጥፊያውና ከበሩ ወደ ጋቢናው የሚያልፈው ሽቦ ይፈተሻል። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የሚተጣጠፈው ሽቦ በውስጡ ተበጥሶ ሳለ ሞተሩ ተቃጥሏል ተብሎ አዲስ የሚገዛበት ጊዜ አለ።

5. አፈታቱና ጥገናው

ሀ/ እጀታው ከመነቀሉ በፊት መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ወዴት እንደሚያመለክት ምልክት ይደረጋል። በብዙ መኪኖች ላይ እጀታውን የያዘው ከጀርባው የተሰካ የሽቦ ቅንጥብ ነው። በእጀታውና በበሩ ልባስ መካከል ጨርቅ አስገብቶ ወዲህና ወዲያ መጎተት ቅንጥቡን ያስለቅቀዋል። ቅንጥቡ ተፈናጥሮ ስለሚጠፋ በሌላው እጅ መከለል ይበጃል።

ለ/ ልባሱ ከተነሣ በኋላ ስሱ ላስቲክ ሳይቀደድ ቀስ ተብሎ ይላቀቃል። መስታወቱን ከሐዲዱ ጋር ያያያዙት ብሎኖች ሲፈቱ መስታወቱ በእጅ ወደ ላይ ተገፍቶ በጠንካራ ፕላስተርና በሽብልቅ ይያዛል። በደንብ ያልተያዘ መስታወት ወርዶ እጅ ሊቆርጥ ይችላል።

ሐ/ ማንሻው በሰፊው ቀዳዳ በኩል ይወጣል። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሞላው ተጠምጥሞ ኃይል እንደ ያዘ ነው። ባለጥርሱ ላሜራ ከትንሹ ጥርስ ወይም ከሞተሩ ከመለየቱ በፊት ክንዱ በሞርሳ ወይም በብሎን መታሰር አለበት። አለዚያ በድንገት ተወርውሮ ጣት ይሰብራል።

መ/ የቆየው ግራሶና ጭቃ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ይታጠባል። በቤንዚን ማጠብ ቶሎ እሳት ስለሚይዝ አይመከርም። ከዚያ በሽቦ ብሩሽ ዝገቱ ይጸዳል፤ ጥርሶቹ፣ የክንዱ ሪቬትና ተሽከርካሪዋ ይመረመራሉ። አንድ ወይም ሁለት ጥርስ የተበላ እንደ ሆነ ጎበዝ በያጅ በብየዳ ሞልቶ፣ በሞረድ ቅርጹን ሊመልሰው ይችላል። ተሽከርካሪዋ ካለቀች ቶርኖ ቤት ከጠንካራ ናይለን ትቀረጻለች። በብረት መተካት ግን ሐዲዱን ያስበላዋል። ካቦው የተፈተለ ወይም የተበጠሰ ከሆነ ከመቀጠል ይልቅ መለወጥ ይሻላል፤ የተቀጠለ ካቦ ከበሮው ላይ ሲደርስ ይያዛል።

6. የዝገት መከላከሉ ሥራ

በመጀመሪያ የበሩ ግርጌ በብሩሽ ተጠርጎ በውሃ ይታጠባል። የማዳበሪያ ቅሪት በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ በደረቁ መጥረግ ብቻውን አይበቃም። የውሃ ማውጫ ቀዳዳዎቹ በቀጭን እንጨት ይከፈታሉ፤ በሹል ብረት መፈልፈል ቀለሙን ፍቆ ለአዲስ ዝገት በር ይከፍታል። ከዚያም በሩ ተከፍቶ በፀሐይ ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ ይተዋል። በእርጥብ ብረት ላይ የተቀባ ማንኛውም መከላከያ እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል።

የላላው ዝገት ከተነሣ በኋላ የቀረው ስስ ዝገት ፎስፎሪክ አሲድ ባለው የዝገት መለወጫ ይታከማል። በዚህ ጊዜ ጓንትና የዓይን መከላከያ የግድ ነው። በላዩ ላይ የዝገት መከላከያ ቀለም በስሱ ሁለት ጊዜ ይቀባል፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው አይደገምም። በማንሻው ጥርሶች፣ በተሽከርካሪዋና በሚንቀሳቀሱ መጋጠሚያዎች ላይ ግን ቀለም አይነካም። እነርሱ የሚፈልጉት ግራሶ ነው። በላሜራዎቹ መጋጠሚያ ውስጥ ደግሞ ለዚሁ የተዘጋጀ ሰም መሰል መከላከያ ወይም በየስንጥቁ ሰርጎ የሚገባ ንጹሕ ዘይት ይረጫል።

ከዚህ ጋር በተያያዘ በየቦታው የሚታዩ ሦስት የተሳሳቱ ልማዶች አሉ።

የመጀመሪያው የተቃጠለ የሞተር ዘይት በበሩ ውስጥ መርጨት ነው። ይህ ዘይት በሥራ ላይ እያለ አሲድና የብረት ብናኝ የተቀላቀለበት በመሆኑ እንደ ንጹሕ ዘይት አይጠብቅም፤ ላስቲኩንም ይጎዳል፤ ቆዳ ሲነካም ለጤና አይበጅም።

ሁለተኛው ሬንጅ መቀባት ነው። ሬንጅ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ መውጫ ስለሌለው ዝገቱ ከሬንጁ ሥር ተደብቆ ይሠራል። የውሃ ማውጫውን ከደፈነ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ሦስተኛው የተበሳ ላሜራ በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት ነው። ስቱኮ እርጥበት ይመጥጣል። ከውጭ ያማረው በር ክረምት ሲያልፍ እንደገና ይበሳል። የተበላው ላሜራ ተቆርጦ ወጥቶ በአዲስ ላሜራ መበየድና የብየዳው ጀርባም ቀለም መቀባት አለበት። ከብየዳው በፊት ባትሪው ይፈታል፤ ልባሱና መስታወቱም ይነሣሉ።

ሁሉም ከተጠናቀቀ በኋላ መስታወቱ ተገጥሞ ብሎኖቹ ሳይጠብቁ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ይደረጋል። መስታወቱ ራሱ መንገዱን ሲይዝ ብሎኖቹ ይጠብቃሉ። ስሱ ላስቲክ ይመለሳል፤ ከተቀደደም ጠንከር ባለ የፕላስቲክ ወረቀት ተቆርጦ ይተካል። የላስቲኩ የታችኛው ጫፍ ወደ በሩ ውስጥ እንዲያዘነብል መደረግ አለበት። ወደ ጋቢናው ካዘነበለ ውሃውን የሚያመጣው ወደ ሾፌሩ እግር ነው። በመጨረሻ በመስታወቱ ስንጥቅ አንድ ኩባያ ውሃ ይፈስሳል። ውሃው ወዲያው ከበሩ ግርጌ ከወጣ ሥራው ተሠርቷል፤ ካልወጣ ልባሱ እንደገና ይነሣል።

7. ማን፣ መቼ ይሥራው?

ለዚህ ሥራ የሚመረጡ ሁለት ወቅቶች አሉ። አንደኛው ጥር ነው፤ የበልጉ ዝናብና የማዳበሪያ ማጓጓዝ ሩጫ ሳይጀመር መኪናው ፋታ የሚያገኝበት ወር ስለሆነ። ሁለተኛው ክረምቱ እንዳለፈ ጥቅምት ላይ ነው፤ በበሩ ውስጥ የቀረው የማዳበሪያ ጭቃ ሳይከርም የሚታጠብበት ጊዜ ነው።

የሥራ ክፍፍሉም ቀላል ነው። ሾፌሩና ረዳቱ ማዳበሪያ ባራገፉ ቁጥር ጋቢናውን ይጠርጋሉ፤ በሚጫንበትና በሚራገፍበት ጊዜ መስታወቶቹን ይዘጋሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን የውሃ ማውጫዎቹን ያያሉ። መስታወቱ ሲከብድ በጉልበት አያዞሩም፤ በመኪናው መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። የጥገና ክፍሉ በዓመት ሁለት ጊዜ ልባሱን አንሥቶ ይመረምራል። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ “መኪናው እየሄደ ነው” በሚል ምክንያት የተመዘገበውን ችግር ወደ ጎን አያደርግም። የዞንና የወረዳ ኃላፊዎች በዞኖቹ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሠልጣኞች ይህን ሥራ በዩኒየኖችና በመንግሥት መኪኖች ላይ እንዲለማመዱ ቢያመቻቹ መኪናውም ይጠገናል፣ ወጣቱም ሙያ ይዞ ይወጣል።

ክቡራንና ክቡራት፣

የግል መኪና ያለው ሰው መስታወቱ አልዘጋ ሲል ዝናቡ የሚያርፈው በራሱ ላይ ነውና ቶሎ ያስጠግናል። የማኅበር መኪና ሲሆን ግን ሾፌሩ የጥገና ክፍሉን፣ የጥገና ክፍሉ ግዢን፣ ግዢ በጀትን ይጠብቃል። ዝገቱ ግን ማንንም አይጠብቅም። የማንሻው ዋጋ፣ ቀጥሎም የበሩ ዋጋ፣ በመጨረሻም መኪናው የቆመበት ቀን ዋጋ የሚወጣው ከአንድ ኪስ ነው፤ እርሱም የአባሉ አርሶ አደር ኪስ ነው። ማዳበሪያ በሚዘራበት ሳምንት አንድ መኪና ቢቆም የሚዘገየው የአርሶ አደሩ ማሳ ነው።

አባቶች “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። ለመኪናም ነገሩ ይኸው ነው፤ ሳይዝግ በግራሶ። ከበዓሉ በኋላ በየግቢው የቆሙት መኪኖች በሮች አንድ በአንድ ተከፍተው የውሃ ማውጫዎቻቸው ቢታዩ የዚህ ገለጻ ዓላማ ግቡን ይመታል። 

መልካም የምሥረታ በዓል!